በአንድ ትሪ ላይ ዳይት ይቻላል?

ና ወዳጄ፣ በርጩማዋን ወደ ጥላው ሳብ አድርገህ ተቀመጥ። አቦሉ አልፏል፣ ቶናው ደርሷል። በዚህ በአዳማ የከሰዓት ፀሐይ ሲሮጥ የምታየው ሰው ወይ መኪና ሊያመልጠው ነው፣ ወይ አበዳሪውን ከሩቅ አይቷል። እኛን የሚያስሮጠን የለም። ስኒህን ወዲህ በላት። ስኳር ስንት ይሁንልህ? ሦስት? እሺ፣ ሦስት። አልቆጣህም፣ እኔ ማን ሆኜ! ግን እያማሰልክ ስማኝ፤ የዚህች ስኳር ወሬ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፣ የጎረቤታችን የወንጂ ወሬ ነው።

አያቶቻችን ቡናን በጨው ነበር የሚጠጡት፤ ቅቤ ጣል የሚያደርግበትም ነበር። በአርሲና በጉጂ በኩል ደግሞ ፍሬውን ከነገለፈቱ በቅቤ አብስሎ መብላት፣ ቡና ቀላ የሚሉት፣ የክብር ማዕድ ነው። ታዲያ ስኳሩ ከየት መጣ? ኤች.ቪ.ኤ. የሚባል የሆላንድ ኩባንያ ነበር። በኢንዶኔዥያ የነበረው እርሻ ነገሩ ሲበላሽበት ፊቱን ወደኛ አዞረና በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አዋሽን ተጠግቶ ወንጂ ላይ ሸንኮራ ተከለ። ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማውጣት ጀመረ። ሸዋ የተባለው ሁለተኛው ፋብሪካ እዚያው አጠገቡ ተከተለ፣ ከዚያም መተሐራ። ደስታ ከረሜላን መቼም አትረሳትም፤ እሷም የወንጂ ልጅ ናት። ያገሩ ሻይ የጣፈጠው በኛ ሠፈር ሸንኮራ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ያኔ የከተማ ሰው ቅንጦት የነበረችው ስኳር ኋላ በሸማቾች ማኅበር በር ላይ ሰልፍ የምታስይዝ ሆነች።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ምክር፣ ሰው በቀን ከሚያገኘው ካሎሪ ተጨማሪ ስኳር የሚይዘው ድርሻ ከ10 በመቶ በታች ይሁን፣ ወደ 5 በመቶ ቢወርድማ ይበልጥ መልካም ነው ብሏል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 5 በመቶው 25 ግራም ነው፤ ስድስት የሻይ ማንኪያ ግድም መሆኑ ነው። አሁን ያንተን እንቁጠር። ሦስት ለአቦል፣ ሦስት ለቶና፣ ሦስት ለበረካ፤ ዘጠኝ። ምሳ ላይ አንድ ለስላሳ ከከፈትክ በ300 ሚሊ ሊትሯ ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ያህል አለ፤ ሰባት ማንኪያ ተኩል ጨምርበት። የጠዋቱን ሻይ በዳቦ እንተወው፣ ሒሳቡ ያስደነግጣል። «ሆድ ካገር ይሰፋል» ሲሉ አባቶች ቻይ ሰውን ማመስገናቸው ነበር፤ እኛ በቀበቶ የምንለካው አድርገን ይዘነዋል።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ለምን መሰለህ? ሰሞኑን ማንን ብታገኝ «ዳይት ላይ ነኝ» ይልሃል። አንዱ ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውሃ ይጠጣል። አንዱ ፌጦ ይወቅጣል። ሌላው «እንጀራ የሚባል ነገር ትቻለሁ» ብሎ ሥጋ ብቻ ይቆርጣል፣ ኪቶ ነው ይልሃል። የቀረው ደግሞ በስልኩ ላይ «በሳምንት ቦርጭን ደህና ሁን በለው» የሚል ማስታወቂያ አይቶ በምን እንደተሠራ የማይታወቅ ሻይ አስመጥቷል። ከዚያኛው ተጠንቀቅ። ሻይ ቦርጭ አያጠፋም፤ ብዙዎቹ የሚያደርጉት ቢኖር ሆድ ማስቀመጥ ነው፣ የምትቀንሰውም ውሃ ነው። ውሃው ማታውኑ ተመልሶ ይገባል።

ሰው መክሳት የፈለገው ዛሬ እንዳይመስልህ። በለንደን ዊልያም ባንቲንግ የሚባል ሰው ነበር። ሥራው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ቀብር ማስፈጸም! የመኳንንቱን ሬሳ በሠረገላ የሚያሸኝ፣ ሳጥን የሚያሠራ ሰው። ከመወፈሩ የተነሳ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ተሳነው፤ ደረጃ ሲወርድ ወደ ኋላው እየዞረ ነበር። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ዳቦውን፣ ቅቤውን፣ ስኳሩን፣ ቢራውንና ድንቹን አስተወውና በዓመት ሃያ ኪሎ ያህል ወረደ። በደስታው እ.ኤ.አ. በ1863 መጽሐፍ አሳትሞ መጀመሪያ በነፃ አደለ። ሳጥን ሻጭ ሆኖ ሰው እንዳይሞት መጽሐፍ ማደል! እንዲህ ያለ ደግ ነጋዴ ዛሬ ከየት ይገኛል። የዛሬዎቹ «እንጀራ ተውኩ» ባዮች፣ ቢያውቁትም ባያውቁትም፣ የዚህ ሰውዬ የልጅ ልጆች ናቸው።

«ታዲያ የትኛው ነው የሚሻለው?» አትለኝም? ቅባት መተው ነው ወይስ እንጀራና ዳቦ መተው? ይህንኑ ጥያቄ በካሊፎርኒያ የስታንፎርድ ሰዎች ይዘው ተነሱ። 609 ሰዎችን በሁለት ከፈሏቸው፤ ግማሾቹ ቅባት እንዲቀንሱ፣ ግማሾቹ ስታርችና ስኳር እንዲቀንሱ። ዓመት ሙሉ ተከታተሏቸውና እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱን አወጡ። ቅባት የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ስታርች የቀነሱት 6 ኪሎ ወረዱ። ያው ነው በለኝ። በሁለቱም ወገን ብዙ የቀነሰ አለ፣ ጭራሽ ጨምሮ የተመለሰም አለ። የሚገርመው ሁለቱም ወገኖች የጋራ ምክር ነበራቸው፦ አትክልት አብዙ፣ ስኳርና ነጭ ዱቄት ቀንሱ፣ ከፋብሪካ የመጣውን ትታችሁ ቤት የተሠራ ብሉ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2005 ቦስተን ላይ 160 ሰዎችን በአራት ዓይነት ዳይት የሞከሩ ነበሩ። እነሱም ያገኙት የዳይቱ ስም ለውጥ አለማምጣቱን ነው፤ ይበልጥ የቀነሰው በያዘው ላይ የጸናው ሰው ነበር።

እኔም የምለው ይህንኑ ነው፣ ግን ወደ አዳማ ላምጣው። የማትቆይበት ዳይት የተውሶ ጫማ ነው፤ ለሠርግ ያደርሳል፣ ለገበያ አይሆንም። ስለዚህ ዳይት ስትመርጥ «ስንት ኪሎ ያስቀንሰኛል?» ከማለትህ በፊት «ረቡዕን፣ ልቅሶን፣ ፋሲካን፣ የአማቴን ቤት ያልፋል ወይ?» በል። ካላለፈ ተወው፣ ገንዘብህንም አታውጣበት።

አየህ፣ እነዚያ የውጭ አገር ዕቅዶች አንድ የማይናገሩት ነገር አላቸው። ሁሉም ሰው የራሱ ሰሃን አለው ብለው ነው የሚነሱት። «የሰሃንህን ግማሽ አትክልት አድርግ» ይሉሃል። የቱን ሰሃን? እስቲ ረቡዕ በምሳ ሰዓት እዚሁ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ካሉት ምግብ ቤቶች አንዱ ጎራ በል። አራት የመሥሪያ ቤት ሰዎች እጃቸውን ታጥበው ተቀምጠዋል። በየአይነቱ ይመጣል። ሰፊ ትሪ፣ ከስር እንጀራ ተነጥፎ፣ መሐል ላይ ሽሮ፣ ዙሪያውን ምስር፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ፎሶሊያ፣ ጥቅል ጎመን በካሮት፣ ዳር ላይ ስልጆና አንድ ቃሪያ ስንግ። ጥቅል እንጀራው በጎን ተደርድሯል። አሁን አስተውል፤ መጀመሪያ የሚያልቀው ምንድነው? ሽሮው። ቀጥሎ ምስሩ። «የኔ እህት፣ ሽሮ ጨምሪልን፣ እንጀራም ድገሚን» ይባላል። ቀይ ሥሩና ጎመኑ ዳር ዳሩን እንደተቀመጡ ናቸው። መጨረሻ ላይ ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚጥልበት ምን ላይ ነው? ከስር ዘይቱንና ወጡን የጠጣው እንጀራ ላይ! እሱ ደግሞ ሲጣፍጥ!

በዚህ ትሪ ላይ ማን ስንት በላ? አንዱም አያውቅም። አንዱ ሁለት ጥቅል፣ አንዱ አምስት ጠቅልሎ ይሆናል፤ ሒሳብ ሲመጣ እኩል ይከፍላሉ። ዳይት ላይ ነኝ ያለው ሰው ደግሞ ወይ ተነጥሎ ሰላድ ያዛል፣ ወይ «ዛሬን ልብላ፣ ነገ እጀምራለሁ» ይላል። ተነጥሎ ማዘዙ አያዛልቅም፤ «ለብቻ የበላ ለብቻው ይሞታል» በተባለበት አገር በሹካ ሰላድ እየወጉ ማን ሁለት ሳምንት ይዘልቃል?

ስለዚህ ከትሪው አትነሳ፣ ትሪው ላይ ቁጠር እንጂ። ካሎሪ አላልኩህም። ጥቅልህን ቁጠር። ሲቀርብ ሁለቷን ጥቅል ወደ ፊትህ ሳብ አድርግና «የኔ እነዚህ ናቸው» በል፣ ሲያልቁ አለቀ። ጉርሻህን ከጎመኑና ከቀይ ሥሩ ጀምር፤ ማንም አይሻማህም፣ እመነኝ። ክኩንና ምስሩን አትፍራቸው፤ ፕሮቲንም አሰርም ስላላቸው እስከ ማታ ያቆዩሃል። ከስር የራሰውን እንጀራ ለወዳጆችህ ተውላቸው፣ ደግሞም ያመሰግኑሃል። ሲጨመር እጅህን ታጠብ። እጁን የታጠበን ሰው ብላ ብሎ የሚያስጨንቅ ጥቂት ነው። በዚህ መልክ ስትበላ ማንም ዳይት ላይ ነህ አይልህም፣ ጭውውቱም አያመልጥህም።

ዘይቱን ካነሳን አንድ ቁጥር ልንገርህ፣ ከዚያ ቁጥር ይበቃሃል። አንድ ግራም ስታርች ወይም ፕሮቲን 4 ካሎሪ ይሰጣል፣ አንድ ግራም ዘይት ግን 9። አንዲት የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል ናት። ሰባት የሻይ ማንኪያ ስኳር እንደማለት ነው። የሚረጋውም የማይረጋውም ዘይት በካሎሪ አንድ ነው፤ የሚረጋው ልብህን ይበልጥ ያስቸግራል እንጂ ቦርጭ ላይ ልዩነት የለውም። ቤትህ ውስጥ ወጥ የሚሠራው ሰው ዘይቱን ከጄሪካኑ ቀጥታ ድስቱ ላይ የሚያንደቀድቅ ከሆነ፣ ዳይትህ እዚያው ጀምሮ እዚያው አልቋል። በማንኪያ ይሁን። ሽንኩርቱን መጀመሪያ በደረቁ ማቁላላት እናቶቻችን የሚያውቁት ሙያ ነው፤ ዘይት ኋላ ነበር የሚገባው።

ከዚህ ላይ ጾም መጣ። ወዳጄ፣ ሰው በውጭ አገር «ሰዓት ጠብቆ መብላት» የሚባለውን ነገር በገንዘብ እየተማረ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ምዕመኑ ሁሉ የሚጾማቸው ቀናት ብቻ በዓመት 180 ይደርሳሉ። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ 55 ቀን ዐቢይ ጾም አለ፣ ነቢያት አለ፣ ፍልሰታ አለ። ሙስሊሙ ወንድማችን ደግሞ ረመዳኑን ሙሉ ወር ይጾማል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ ነው። «ታዲያ የምንጾም ሰዎች ለምን አልከሳንም?» ብለህ ብትጠይቀኝ መልሱ ጾሙ ሲፈታ ላይ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቀን፣ በዘጠኝ ሰዓት ሒሳቡን ከነወለዱ እናወራርዳለን። በረመዳንም ያው ነው፤ ተምሩና ሾርባው ባልከፋ፣ በዘይት የጠለቀው ሳምቡሳ ነው ሒሳቡን የሚያበላሸው። ደግሞ የጾም ኬክ መጥቷል፣ የጾም ብስኩት፣ የጾም በርገር፤ ጾሙ ለነፍስ ቢሆንም ዱቄቱና ዘይቱ ጾመኛ መሆንህን አያውቁልህም።

በቻይና ጓንግጁ ላይ ያጠኑትን ላጫውትህ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ነው። 139 ወፍራም ሰዎች ሁሉም ምግባቸውን እንዲቀንሱ ተደረገ፤ ግማሾቹ ግን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ከሰዓቱ አሥር ሰዓት ብቻ እንዲበሉ ታዘዙ። ከዓመት በኋላ ሰዓት የጠበቁት 8 ኪሎ፣ ያልጠበቁት 6.3 ኪሎ ወረዱ። ያቺ ልዩነት በአጋጣሚም ልትመጣ የምትችል ናት ተብላ ሰዓቱ ለብቻው ብልጫ እንደሌለው ደመደሙ። ለኛ ይህ ምን ይለናል? ሰዓቱ የሚጠቅመው መጠኑን ለመቀነስ ሲረዳህ ነው። በጾም ሰዓቱ አለህ፣ በነፃ ተሰጥቶሃል፤ የጎደለህ ስትፈታ ትሪው ላይ ሁለቷን ጥቅል መያዝ ነው። ጾሙንማ ለቦርጭ ብለህ አትጹመው፣ የንስሐ አባትህ ይታዘቡሃል። ለነፍስህ ጹመው፣ ቦርጭህም በዚያው ይጠቀም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አልለፍ። የስኳር በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ፣ በተለይ ኢንሱሊን፣ ምግብ ዘለህ መዋል የሚያስወድቅ ነገር ነው። እርጉዝና የምታጠባ እናትም እንደዚሁ ዳይት የምትጀምርበት ጊዜ አይደለም። እነዚህ መጀመሪያ ሐኪም ያነጋግሩ፤ ይሄ የቡና ወሬ ነው፣ የሐኪም ማዘዣ አይደለም።

እስቲ ቡና ቁርሱን ወዲህ አቅርበው። ቆሎ ነው? ጎሽ። ገብሱ ከአሰላ በኩል የመጣ መሆን አለበት። አርሲ ሲነሳ ጭኮ ትዝ ይለኛል። የገብስ በሶ በንጥር ቅቤ ታሽቶ፣ ለመንገደኛ በቁና የሚሰነቅ፣ ሳምንት የማይበላሽ። ባለፈረሱ ገበሬ ከተራራ ተራራ ሲሻገር ይበላው ነበር፣ ያምርበታልም። እኛ ግን ቁርስ ላይ ጭኮ በልተን ከአልጋ ወደ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወደ ወንበር ነው። ምግቡ አልተለወጠም፣ በይው ነው የተለወጠው። ጨጨብሳም እንዲሁ ነው፤ በወር አንዴ በዓል ነው፣ በየጠዋቱ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከሞጆ ወደ ሐዋሳ መንገድ ወጥተህ ታውቃለህ መቼም። መቂ ስትደርስ ሽንኩርቱ በጆንያ፣ ቲማቲሙ በሳጥን ተቆልሏል፤ ፓፓያው በመንገድ ዳር። ባቱ ላይ ከዝዋይ ሐይቅ የወጣ ቆሮሶ አለ፤ መቶ ግራሙ መቶ ካሎሪ እንኳ የማይሞላ፣ 20 ግራም ፕሮቲን ያለው አሣ። እኛ ታዲያ ምን እናደርገዋለን? ጎኑን ተልትለን ዘይት ውስጥ እንዘፍቀዋለን። ሾርባውን ወይም ጉላሹን እዘዝ ብልህ ፊትህን ታጠቁራለህ፣ አውቃለሁ። እሺ፣ አንድ ጊዜ ጥብሱ፣ አንድ ጊዜ ሾርባው ይሁን። ወደ አዋሽ መልካሳ ብትወርድ ደግሞ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሚሠራ የእርሻ ምርምር ማዕከል አለ። አዋሽ-1 የሚሏትን ነጭ ቦሎቄ ያወጡት እነሱ ናቸው። ቦሎቄው በመርከብ ተጭኖ አውሮፓ ይሄዳል፣ በቲማቲም ተቀቅሎ በቆርቆሮ ይታሸጋል፣ እነሱ ቁርስ ላይ ይበሉታል። እኛ ከእርሻው ዳር ተቀምጠን ነጭ ዳቦ በማርማላታ! የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው። የቦሎቄ ንፍሮ በቲማቲምና በቃሪያ ቤትህ ሞክራት፤ ርካሽ ናት፣ ረሃብ ታስታግሳለች፣ የጾምም የፍስክም ናት። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም በ2014 ዓ.ም. በወጣው ያገራችን የአመጋገብ መመሪያ የሚለው ከዚህ አይርቅም፤ ጥራጥሬ፣ አትክልትና ፍራፍሬ በየቀኑ፣ ጨው፣ ስኳርና ዘይት በልክ።

«ውሃስ? ዳይት ላይ ያለ ሰው ውሃ ያብዛ ይባላል» ካልከኝ፣ እውነት ነው፣ ለስላሳውን በውሃ መተካት ብቻ ብዙ ያቀላል። የስምጥ ሸለቆ ሰው ግን የውሃ ነገር ሲነሳ በጥርሱ ነው የሚስቀው። ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ የስንቱን ልጅ ጥርስ እንዳጠቆረ ወንጂንና ዝዋይን ጠይቅ። ስለዚህ ብዙ ጠጣ ስልህ፣ ምንጩን አውቀህ ጠጣ።

የአዳማን ጋሪ ታስታውሳለህ? ናዝሬት በምትባልበት ዘመን ከተማው የፈረስ ኮቴ ድምፅ ነበር። ሰዎች «ያኔ እንዲህ ቦርጫም አልነበረም፣ ባጃጅ ነው ያወፈረን» ይላሉ። እኔ አልስማማም። በጋሪም ቢሆን የሚሮጠው ፈረሱ ነው፣ የሚከሳውም ፈረሱ ነው! ልዩነቱ ጋሪው የማይገባበት መንገድ መኖሩ ነው፤ ባጃጅ ግን ከአልጋህ ድረስ ይመጣል። አዳማ ሜዳ ናት፣ ከአመሻሹ አሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነፋሱም ይለሰልሳል። የአንድ ባጃጅ መንገድ በእግር። ይኸው ነው ስፖርቱ። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ 3,234 ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎችን ያጠኑ ነበሩ። በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱና ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱ የተመከሩት ወገኖች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ወረደ። ሰማኒያ ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 በመቶ ስድስት ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሰው ሠላሳ ኪሎ ካልቀነስኩ ብሎ ራሱን ይገድላል፣ ትርፉ ግን ከመጀመሪያዎቹ ኪሎዎች ላይ ነው።

መናኸሪያው አካባቢ ሚዛን ይዘው የሚቀመጡትን ልጆች ታውቃቸዋለህ። «ኪሎህን እወቅ ጋሼ!» ይሉሃል። ሳንቲም ስጣቸው፣ ውጣ፣ ግን በየቀኑ አትውጣ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሚዛን። ሚዛኑ ካላሳመነህ ልብስ ሰፊ ቤት ግባና ወገብህን አስለካ፤ ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር፣ ለሴት ከ80 ካለፈ ሐሳብ ሊገባህ ይገባል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ፣ ቢበዛ አንድ ኪሎ ይበቃሃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ቀስ ማለት ሌላ ጥቅም አለው፣ ይህን ሐኪም አይነግርህም። በኛ አገር ሰው ሲወፍር «አምሮብሃል፣ ተመችቶሃል» ይባላል። ሲከሳስ? «ምነው፣ ምን ሆንክ? ታመሃል እንዴ? ሥራ ለቀቅክ?» ጎረቤት ሹክ ይባባላል፣ አክስት ከመተሐራ ትደውላለች፣ እናት ታለቅሳለች፣ ማግሥቱን ዶሮ ይታረድልሃል፤ ዳይትህም እዚያው ላይ ያበቃል። በየሳምንቱ ግማሽ ኪሎ የቀነሰ ሰው ግን ማንም ሳያየው ያልፋል። በስድስት ወር ውስጥ አሥር ኪሎ ጠፍቶ ሠፈሩ «ፀጉርህን ተስተካክለህ ነው?» ይልሃል።

የቀረን ትልቁ ፈተና ምን ይመስልሃል? ጉርሻ ነዋ! ልቅሶ ቤት፣ ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ ክርስትና፤ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!» እምቢ ብትል የሰው ፊት ይጠቁራል። ከፍትፍቱ ፊቱ ቢባልም ባለቤቷ ፊቷን የምታሳይህ በፍትፍቱ ነው። አንዷን ከጎረስክ ደግሞ አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛዋ ትከተላለች። እኔ ያየሁት ብልሃት አንድ ነው፦ ቀድመህ አጉርስ። ከመቀመጥህ አጠገብህ ያሉትን ሽማግሌ አጉርሳቸው፣ ቀጥሎ የቤቷን እመቤት ጥራና አጉርሳት፣ ልጆቹን ሰብስበህ አጉርስ። ወጡ ከፊትህ ያልቃል፣ እጅህ ሥራ አይፈታም፣ ሁሉም «እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው» ይላል። ያንተን አፍ የሚያይ አይኖርም። ሲመልሱልህ ትንሿን አንዷን ተቀበል፣ ረጅም አላምጣት፣ አመስግን። ቅዳሜ ማኅበር አለብህ አይደል? የማኅበሩ ባለተራ ወይዘሮ ዶሮ ወጥ ላይ እጃቸው አይጨበጥም ሲባል ሰምቻለሁ፤ እስቲ ከሳቸው ጀምር።